ሰውየው ያው ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለየው

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ ወደዚህ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ከአንድ ፍርድ ቤት ልጀምር። ኦማር ሊትል የሚባል ሰው ምስክርነት ሊሰጥ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ኦማር የሚኖረው በዝርፊያ ነው፤ የሚዘርፈው ደግሞ ዕፅ ሻጮችን ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው የፍርድ ቤቱ ዘብ ጋዜጣ ላይ የቃላት እንቆቅልሽ እየሞላ ግራ ገብቶታል። የጦርነት አምላክ ማርስ መሆኑን ያውቃል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሳጥኖቹ አራት ናቸው፣ መነሻ ፊደሉ ግን አልገጠመለትም። ኦማር ይነግረዋል፦ «አሬስ። ግሪኮቹ አሬስ ነው የሚሉት። ሰውየው ያው ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለየው።» ከዚያም ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት እነዚያን አፈ ታሪኮች ይወድ እንደነበር ያወጋዋል።

ይህ ትዕይንት ያለው «ዘ ዋየር» በተባለው ተከታታይ ድራማ ሁለተኛ ሲዝን ውስጥ ነው። ድራማው ከ2002 እስከ 2008 በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤች ቢ ኦ ታየ። 5 ሲዝን፣ 60 ክፍል አለው። ታሪኩ የሚሆነው ባልቲሞር ነው። ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ከመካከላችሁ በየቀኑ እየተመላለሰ እዚያ የሚሠራ ይኖራል። የፈጠረው ዴቪድ ሳይመን ለብዙ ዓመት የባልቲሞር ሰን ጋዜጠኛ ነበር። አብሮት የሠራው ኤድ በርንስ ደግሞ በፊት መርማሪ ፖሊስ፣ ኋላም አስተማሪ ሆኖ በዚያችው ከተማ ያገለገለ ሰው ነው።

ሳይመን ከየት እንደወሰደ አልደበቀም። መነሻችን ሼክስፒር ሳይሆን ጥንታዊዎቹ ግሪኮች ናቸው ብሏል፤ የትራጄዲ፣ ማለትም የአሳዛኝ ተውኔት ጸሐፊዎቹ ኤስኪለስ፣ ሶፎክሊስ፣ ዩሪፒዲስ። የኦሊምፐስ አማልክት ቦታ ላይ ያስቀመጠው መሥሪያ ቤቶችን ነው። የፖሊስ መምሪያው፣ የከንቲባው ቢሮ፣ የትምህርት አስተዳደሩ፣ የዕፅ ገበያው። መብረቁ የሚወረወረው ከእነሱ ነው። ሰውየው ጎበዝ ሆነ ሰነፍ፣ ደግ ሆነ ክፉ፣ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት ከጻፈው ግጥም ከኢሊያድ አንድ የምወደውን ቦታ ላንሳ። መጀመሪያው ላይ የግሪኮቹ ጀግና አኪሊስ ተዋርዶ፣ ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እናቱ ቴቲስ የአማልክቱን አለቃ ዜውስን ልለምንልህ ትለዋለች። ግን ዜውስ የለም። ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ሄዷል፤ አማልክቱም ሁሉ ተከትለውታል፤ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። ሆሜር «ኢትዮጵያውያን» ሲል የዛሬዋን አገራችንን በድንበሯ ለክቶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። ዛሬ ያነሳሁት ግን ለሌላ ነው። ሰው እያለቀሰ አለቃው ግብዣ ላይ ነው! ቢሮ ሄዶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» የተባለ ሰው ይህን የሆሜር ቦታ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ዘ ዋየር ላይም እንዲሁ ነው። አቤት የሚባልበት በር ሁልጊዜ አለ፣ ከበሩ ጀርባ ግን ሰው የለም።

ኦማርን ብዙ ሰው ከአኪሊስ ጋር ያመሳስለዋል። ልክ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን ዕፅ ሻጮቹ የሚወደውን ብራንደንን አሰቃይተው ይገድሉታል፤ ሬሳውንም ሰፈር ሁሉ እንዲያየው መኪና ላይ አጋድመው ይተዉታል። ኦማር አስከሬን ክፍል ገብቶ ሲያየው የሚያወጣው ጩኸት፣ አኪሊስ የሚወደውን ጓደኛውን የፓትሮክሉስን ሞት ሲሰማ የጮኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ጦርነቱን የሚመራው ሐዘኑ ነው። በመጨረሻው ሲዝን ደግሞ ከፎቅ በረንዳ ዘሎ እግሩ ይሰበራል፤ እንጨት ተደግፎ እያነከሰ ይዋጋል። በቀስት ተመትቶ የሞተበትን የአኪሊስን ተረከዝ ያልሰማ የለም። (የተረከዙን ነገር ሆሜር አልጻፈውም፤ ከሱ በኋላ የመጣ ታሪክ ነው።) አኪሊስን የገደለው ፓሪስ ከጀግኖቹ ተራ የማይቆጠር ሰው ነበር። ኦማርን የሚገድለው ደግሞ ኬናርድ የሚባል ሕፃን ልጅ ነው። ሱቅ ገብቶ ሲጋራ እየገዛ ሳለ፣ ከኋላው።

እኔን ግን ሁሌም የሚያንገበግበኝ ሌላ ሰው ነው፤ ፍራንክ ሶቦትካ። የፖላንድ ዘር ያለው የወደብ ሠራተኛ ነው። የጫኝና አውራጆች ማኅበር ገንዘብ ያዥ። ጣጣው ሁሉ የተጀመረው በምን መሰላችሁ? በመስኮት። ማኅበሩ ለቤተ ክርስቲያን ባለቀለም የመስታወት መስኮት ይሰጣል። ቫልቼክ የሚባል የፖሊስ ሻለቃ ለዚያው ቦታ የፖሊሶችን መስኮት አሠርቶ ኖሯል። ተቀደመ። ተናደደ። «እነዚህ ድሆች ይህን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጡት?» ብሎ ምርመራ አስከፈተ።

የትሮይ ጦርነት በምን እንደተጀመረ አስታውሱ። ሠርግ ላይ ያልተጠራችው የጠብ አምላክ «ለቆንጆዋ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የወርቅ ፖም ወረወረች። ሦስት አማልክት በሱ ተጣሉ። ከዚያ 10 ዓመት ጦርነት፣ ከዚያ የተቃጠለች ከተማ። ሶቦትካን የጣለው የመስኮት ቅናት ከዚያ ፖም በምንም አያንስም።

ሶቦትካ ለራሱ አልበላም። የፈለገው የመርከብ መግቢያው ቦይ እንዲቆፈር፣ የእህል መጫኛው ዳግም እንዲከፈት ነው። ለዚህ ደግሞ ፖለቲከኞችን ማባበያ ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኮንቴይነሮች ከመዝገብ ተሰውረው እንዲወጡ ያደርጋል፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ አይጠይቅም። አንድ ቀን አንዱ ኮንቴይነር ሲከፈት 13 ሴቶች ሞተው ተገኙ። ኤዲፐስ አባትህን ትገድላለህ ከሚለው ትንቢት ልሽሽ ብሎ በሄደበት መንገድ ላይ ነው አባቱን የገደለው። ሶቦትካም ወደቡን ላድን ብሎ በሄደበት መንገድ ላይ ማኅበሩንም፣ ልጁንም፣ ራሱንም አጣ። የእህል መጫኛው ቦታም ላይ የአፓርትማ ነጋዴዎች ዓይን አርፎበታል።

መጨረሻውን ላስታውሳችሁ። ልጁ ሰው ገድሎ ታስሯል። ሶቦትካ ልጁን ለማትረፍ ለመንግሥት ሊናገር ተስማምቷል፤ በዚያ መሀል ግን ኮንትሮባንዱን የሚመራው «ግሪኩ» ይቀጥረዋል። ድልድይ ሥር። ብቻውን ይሄዳል። ከጀርባ የግሪክ ዘፈን ይሰማል። ለግሪኩ ግን ከመንግሥት ቤት መረጃው ቀድሞ ደርሶታል፤ እኛ እናውቃለን፣ ሶቦትካ አያውቅም።

ይህን ክፍል ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባትም። ሹራብ እየሠራች አልፎ አልፎ ቀና እያለች ታያለች። ሶቦትካ መራመድ ሲጀምር ሹራቡን አስቀመጠችና «ኧረ አይሂድ በሉት!» አለች። አቴና ቲያትር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ኤዲፐስን ያዩ የነበሩትም ታሪኩን አስቀድመው ያውቁት ነበር። መጨረሻውን እያወቁ፣ መጮህ እንጂ ማስቆም ሳይችሉ። ስለ ግሪክ ትራጄዲ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከእናቴ አፍ እንደወጣችው ቃል አድርጎ ያስረዳኝ የለም።

«ግሪኩ» ራሱ በመጨረሻ ግሪክ እንኳ አለመሆኑን ይናገራል። ዜውስ መልኩን እየለዋወጠ ሰው መሀል ይገባ እንደነበረ ሁሉ፣ ይህም በሌላ ስም ፓስፖርቱን ይዞ ይሄዳል።

ስለ ስትሪንገር ቤል በአጭሩ። ዕፅ እየሸጠ ማታ ማታ ኢኮኖሚክስ ይማራል፤ ሕጋዊ ነጋዴ መሆን ይፈልጋል። ኢካሩስ ይሉታል። በከፊል ነው የምስማማው። ኢካሩስ አባቱ በሰም በሠራለት ክንፍ ሲበር፣ ወደ ፀሐይ አትጠጋ ያለውን ባለመስማቱ ወደቀ። ስትሪንገር ግን ክንፉን የሸጡለት ሰዎች ናቸው ያታለሉት፤ አንድ ሴናተር ገንዘቡን በልቶ ካደው። የሞተው ገና እያሠራው ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ደግሞም እጁ ንጹሕ አልነበረም፤ የጓደኛውን የኤቨንን የእህት ልጅ ዲአንጀሎን እስር ቤት ውስጥ አስገድሎታል። ዲአንጀሎን ደግሞ ለቤተሰቡ ሲል 20 ዓመት እንዲታሰር ያግባባችው የገዛ እናቱ ብሪያና ነበረች። ወደ ትሮይ የዘመተው የግሪኮቹ ጦር መሪ አጋሜምኖን መርከቦቹ ነፋስ እንዲያገኙ ልጁን ኢፊጌንያን ለመሥዋዕት ሰጠ። ብሪያና ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅ ይሆናል።

ሁሉም ሰው ግን በዕጣው አይቀርም፤ ይህን ሳልል አልወርድም። በዕፅ ሱስ የደቀቀው በብልስ ለብዙ ጊዜ የእህቱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ላይ የሚያወጣው በር ይቆለፍበታል። በመጨረሻ በሩ ተከፍቶ ደረጃውን ይወጣል፤ ከነሱ ጋር ማዕድ ይቀርባል። እንዲህ ያለ ደረጃ የግሪኮቹ ትራጄዲ ውስጥ አላገኘሁም።

ወደ ኦማር ልመለስ። ኢሊያድ የሚያልቀው አኪሊስ በገደለው በትሮይ ልዑል በሄክተር ቀብር ነው። አባቱ ፕሪያም በሌሊት ጠላቱ ድንኳን ገብቶ፣ ልጁን የገደለውን እጅ ስሞ፣ ሬሳውን ለምኖ ወሰደ። ከተማው አለቀሰለት። ለኦማር ግን የሚለምን አልመጣም። የከተማው ጋዜጣ አዘጋጅ ካሉት ዜናዎች የአንድ ቤት ቃጠሎን መረጠ፤ ለኦማር ሞት ቦታ አልተረፈም። አስከሬን ክፍል ውስጥ ደግሞ የኦማር ስም የሌላ ሰው፣ የአንድ ነጭ ሰው አስከሬን ላይ ተንጠልጥሏል። ሠራተኛው አየና ስሞቹን አቀያየረ። ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ።

አመሰግናችኋለሁ።