ሰባት ደቂቃ

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀዩ በርቷል። እየቀዳ ነው።

እንዴት ናችሁ ጀማው። ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ፣ እንደተለመደው። የዛሬውም ስፖንሰራችን ብርድ ልብሱ ነው። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ ደሴ ነው፣ ሐምሌ ነው፣ ጦሳን ከሦስት ቀን ጀምሮ ጉም ውጦት አላየነውም። መብራትም የለም። ስልኩ 31 ፐርሰንት ይላል፣ እሱ እስኪያልቅ ነው የማወራው።

ስለ ሰርጉ ላወራ ነበር። ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ። አልሆነልኝም። ስለ እንግዳ ነው። አዎ፣ አሁንም ስለ በጓ። ልትዘጉት የምትችሉ ዝጉት፣ አልቀየማችሁም። (ስሟ የእንግዴ ልጅን ያስታውሰናል ያላችሁኝ ሰዎች፣ ይበቃል፣ ሰምቻለሁ።)

ምን ሆነ መሰላችሁ። ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ ነን። አቦሉ አልፎ ቶናው እየተቀዳ ነው። እንግዳ እንደልማዷ ገብታ የተጎዘጎዘውን ሳር እየበላች ነው፣ እማ "ተይ አንቺ" እያለች በእግሯ ገፋ ታደርጋታለች። እናንተ አያ ራዲዮ ያላችኋቸው ጎረቤታችን ናቸው የተቀመጡት። ስማቸውን አልጠራም ብዬ ምያለሁ። እኔ ደግሞ ለእንግዶቹ ያንኑ ታሪክ እየተረክሁ ነው፤ እናቷ እንደጣለቻት፣ እኔ በሌሊት እንዳዳንኳት፣ በጡጦ እንዳሳደግኋት። መቶ ጊዜ አውርቼዋለሁ። ለእናንተም አውርቼዋለሁ። ሰው "ማሻ አላህ፣ ጎበዝ" ይላል፣ እኔም ትንሽ አቀርቅሬ ቡናዬን ፉት እላለሁ።

አያ ራዲዮ ሲኒያቸውን አስቀመጡና "እናቷ መች ጣለቻት፣ የኔ ልጅ" አሉ። "አንቺ ነሽ የወሰድሽባት።"

በቃ። ክፋት የለውም፣ እንዲሁ ነው ያሉት። ቀጥለው ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

እና ማታ ምን አደረግሁ፣ ቪዲዮውን ፈልጌ አየሁት። ቪዲዮ እንዳለኝ ነግሬያችሁ አላውቅም። እኔም ረስቼው ነበር። ወይም... ረስቼው ነበር እንበል። ህዳር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከ12 ላይ የተቀረጸ ነው። አንድ ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ወንድሜ ኮምቦልቻ የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለነበረ ለእሱ ልልክለት ነበር የቀረጽኩት፣ በጓ የሱ ስለሆነች።

ቪዲዮው ውስጥ ያለው ይሄ ነው። ጋጣው ጨለማ ነው፣ የስልኬ መብራት ይንቀጠቀጣል፣ ስለበረደኝ። መጀመሪያ የተወለደው ወንዱ ቆሟል፤ አራቱንም እግሩን በየፊናው ዘርግቶ እንደ ሰከረ ሰው። እናትየው እሱን እየላሰች ነው። ከኋላዋ መሬት ላይ ሁለተኛዋ ተኝታለች። እርጥብ ናት፣ ቢጫ የሚያጣብቅ ነገር ተለቅልቃለች፣ ከላይዋ እንፋሎት ይወጣል። አንዴ ጆሮዋን ታራግፋለች። የኔ ድምፅ ይሰማል፣ "ወይኔ ጣለቻት፣ ወይኔ አታያትም እኮ" ይላል። ድምፄ ራሱ ያናድዳል።

ከዚያ አንድ ደቂቃ ከ30 አካባቢ ላይ እናትየው ወንዱን መላሷን ታቆማለች። አንገቷን ታዞራለች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ... እርምጃ ነው ወይስ ክብደቷን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ማዛወሯ ነው፣ እሱን አላውቅም፤ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ አሁንም አላውቅም። ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። እና ድምፅ አለ። አፏን ሳትከፍት ከጉሮሮዋ የምታወጣው፣ ህምምምም የሚል። በግ ያረባ ሰው ያውቀዋል፣ አዲስ ለተወለደ ልጇ ካልሆነ ያንን ድምፅ እምብዛም አታወጣም።

ከዚያ ቪዲዮው ይንገዳገድና የኔ ጫማ ይታያል፣ ያልቃል። ስልኩን ያስቀመጥኩት ግልገሏን ላነሳ ነው።

ለወንድሜ "ጣለቻት፣ ይዣት ገብቻለሁ" ብዬ የላክሁት ቴክስት ዘጠኝ ሰዓት ከ19 ይላል። ሰባት ደቂቃ። ለእናንተ በዚያኛው ክፍል ላይ ምን ነበር ያልኳችሁ? "ግማሽ ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁ፣ ዞራም አላየቻትም።" ሄዳችሁ ስሙት። ወላሂ ስናገረው አምኜበት ነበር።

እና ለማን ነበር ያ ድምፅ? ለወንዱ ሊሆን ይችላል፣ እሱም አጠገቧ ነበር። ሊሆን ይችላል።

...

ምን እያልኩ ነበር። አዎ፣ ብርዱ። ብርዱን አስቡልኝ። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ የህዳር ሌሊት ነው፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ "እኛ ጋ ብትወለድ ምንም አትሆንም ነበር" ትላለች። እውነቷን ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርደሽ ሌላ አገር ነው። እና እርጥብ ግልገል መሬት ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቁም? እማ ኩሽና ከሰል ነበር፣ ውሃ አሙቄ ሁለት ሃይላንድ ሞላሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በግራና በቀኟ አደረግሁላት፣ በፎጣ አደረቅኋት፣ በጋቢዬ ጠቀለልኳት። ያ ጋቢ ቡና የምናፈላበት ክፍል የሚውል ጋቢ ነው። እጣን እጣን ይላል።

የእንስሳት ሐኪም የሆነው የልጅነት ጓደኛዬ፣ "ዶክተር ፍየል" የምትሉት፣ ያን ሌሊት ስልክ አንስቶልኛል፣ ጀነት ይግባ። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ጣትሽን አፏ ውስጥ ክተቺ፣ ይሞቃል?" ነው። ቀዝቃዛ ነበር። "እንግዲያው ምንም እንዳትሰጫት፣ በመጀመሪያ ትሙቅ" አለ። የበረደው ግልገል መዋጥ አይችልም፣ ወተቱ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ስትሞቅ ደግሞ እንገር። የግድ እንገር። ለምን ብትሉ፣ የሰው ልጅ በሽታ መከላከያውን ገና ማህፀን እያለም ከእናቱ ይቀበላል፣ በግ ግን ባዶ እጇን ነው የምትወለደው፤ ያለው ሁሉ እንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቷም በሩን ከፍቶ የሚጠብቀው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓቶች ደግሞ ወርቅ ናቸው። ከዚያ በኋላ እንገር ብትሰጧት ምግብ ነው እንጂ መከላከያ አይሆናትም።

እና አለብኩ። እማ እናትየውን ይዛልኝ፣ እኔ ከሥሯ ተንበርክኬ። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ከጣት ላይ የማይለቅ። ታዲያ አሁን ምን አሰብኩ... እዚያ ድረስ ሄጃለሁ እኮ! እዚያው ጋጣ ውስጥ ነበርኩ፣ እናትየው አጠገብ። ግልገሏን ግን ቤት ትቻታለሁ፣ እንዳይበርዳት። ይዣት ብሄድ? አፍንጫዋ ሥር ባደርጋት?

በጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረቅ፣ ሞቃት፣ ጠጉሯ የተበጠረ የመሰለች ግልገል ይዤ ገባሁ። ኩራቴን ብታዩት። መሬት አወረድኳት። እናትየው መጣች፣ አሸተተቻት። በኋላ በኩል አሸተተቻት፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ በግንባሯ ደቆሰቻት፣ ግድግዳው ጋ ነው የወደቀችው።

ዶክተር ፍየል በኋላ ያስረዳኝ ይሄን ነው። በግ ልጇን የምታውቀው በጠረን ነው። ከወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት፣ ያንን የሽርት ውሃ እየላሰች፣ ሽታውን ትመዘግባለች፤ ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል። የማታውቀው ሽታ ከመጣ እንግዳ ነው፣ ይደቆሳል። እኔ ደግሞ ውሃውን በፎጣ ጠርጌ፣ እጣንና ቡና ቀብቼ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ አመጣሁላት። ስሟን እንግዳ ብዬ ያወጣሁት በዚያው ቀን ነው። እንግዳ ሆና ስለመጣችልን ነበር እንግዲህ...

ተዉኝ እስቲ።

ሞክረናል ደግሞ፣ አልሞከርንም እንዳትሉ። ጨው ነስንሰንባታል፣ እናትየው እንድትልሳት። ላሰቻት! እልል ልንል ነበር። ጨዉን ጨርሳ ደቆሰቻት። አያ ራዲዮ ያኔ "ሌላ የሞተ ግልገል ቢኖር ቆዳውን ታለብሷት ነበር" ብለዋል፤ ለላምም እኮ ጥጃዋ ሲሞት ቆዳውን ገለባ ሞልተው አጠገቧ ያቆሙላታል፣ እየላሰች እንድትታለብ። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት አይቼዋለሁ፣ ዓይን የሌለው ጥጃ። በጣም ነበር የሚያስፈራኝ። የሞተ ግልገል ግን አልነበረንም፣ አልሃምዱሊላህ። እናትየውን አስረን ሦስት ቀን አጠባናት። ትራገጣለች፣ ትተኛባታለች። በአራተኛው ቀን ተውነው። ቶሎ ነው የተውነው? እንጃ። ጡጦው ደግሞ... እውነቱን ልናገር? ጡጦው ደስ ብሎኝ ነበር።

መድኃኒት ቤቱን አስታወሳችሁ አይደል? ፒያሳ ሄጄ ጡጦ ስገዛ፣ ልጅቷ "ስንት ወሩ ነው?" ስትለኝ "አራት ቀኗ" አልኳት። "እናትየው ጡት የላትም?" "አላት፣ ግን እየረገጠቻት ነው።" ፊቷን ብታዩት! ፖሊስ ልትጠራ ምንም አልቀራት።

እንደ ሰው ሕፃን አቅፌ አንጋልዬ ነበር መጀመሪያ የሰጠኋት። ዶክተር ፍየል በቪዲዮ አይቶኝ ጮኸብኝ። ቆማ ነው፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ከእናቷ ሥር እንደምትጠባው። እንደዚያ ስትጠባ ወተቱ ትልቁን ሆድ ዘሎ በአቋራጭ ወደ ትክክለኛው ሆድ ይሄዳል። የላም ወተት የበግን ያህል ቅባት የለውም፣ ግን ሞቅ አድርጎ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። የሱብሂ አዛን ለእኔ የጡጦ ሰዓት ነበር። አዛኑ ገና "አላሁ" ሲል እሷ "ምቤ" ትላለች።

እማ እኔን ልታጽናና ነው መሰለኝ፣ "ነቢዩንስ ያጠባቻቸው ሀሊማ አይደለች?" ትላለች፣ ሰለዋት አውርዳ። "ምን ነውር አለው፣ የጡት እናት እናት ናት።" እኔም "እማ፣ ሀሊማ እኮ ተሰጥቷት ነው የወሰደችው" አልኳት። ዝም አለች። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ፣ በ2014 ጥቅምት ላይ፣ ያን የጦርነት ጊዜ፣ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ በእግር ስንወርድ። አንዲት ሴትዮ የታናሽ እህቴን እጅ ይዛ "የማን ልጅ ናት? የጠፋች ልጅ!" እያለች ትሮጣለች። እማ አምስት እርምጃ ከኋላ ነበረች፣ የጫማዋን ክር እያሰረች። ሴትዮዋ ጥሩ ሰው ነበረች፣ ውሃ ሁሉ ሰጥታናለች። እማ ግን ስለ እሷ ስታወራ እስከ ዛሬ ፊቷ... ይሄን ለምን እንዳመጣሁት አላውቅም። ምናልባት እቆርጠዋለሁ።

ለማንኛውም እንግዳ ደህና ናት። ስምንት ወሯ ነው፣ ጡጦ ከተወች ቆየች። ችግሩ በግ መሆኗን አታውቅም። ውሻ ሲመጣ መንጋው ይሸሻል፣ እሷ ልትተዋወቀው ትሄዳለች። ማታ መንጋው ሲገባ እሷ ኩሽናው ደፍ ላይ ነች። እናቷ አጠገቧ ታልፋለች፣ እንደማንኛውም በግ። መንታዋ ለአረፋ ተሸጧል። ይሄም ሌላ ጉዳይ ነው፣ እናቷ ያሳደገችው ተሸጠ፣ እኔ ያሳደግኋትን "እሷማ የልጅቷ ናት" ብለው ተዉልኝ። እንግዲህ የቱ ነው የዳነው? አይ፣ እንደዚህ አይሰላም። ዶክተር ፍየልም "ባታነሻት በብርድ ትሞት ነበር ይሆናል፣ የመጀመሪያ ወሊዷ ስለሆነ ራሷም ልትተዋት ትችል ነበር" ይላል። ይሆናል ነው ያለው። ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፣ "ይሆናል"ን አልለቅ አለ።

ዛሬ ለምን እንደማወራው ልንገራችሁ፣ 9 ፐርሰንት ቀርቶኛል። እናትየው ደርሳለች። ጡቷ ሞልቷል፣ ጎኗ ወርዷል፣ ከሰዓት ጀምሮ መሬቱን በእግሯ ትጭራለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች። ወንድሜ ከኮምቦልቻ ደውሎ "ዛሬ ሌሊት ሳትሆን አትቀርም፣ ሄደሽ እያት፣ ግን እንዳትነኪ" አለኝ። "ካልላሰችውስ?" አልኩት። "አፍንጫዋ ሥር አድርጊውና ውጪ።" "እሱን ከረሳችውስ? ቢበርደውስ?" "ጠብቂ" አለ። ስንት ደቂቃ ነው ጠብቂ? እሱን ሳይነግረኝ መስመሩ ተቋረጠ።

ጋቢው እዚህ እግሬ ሥር ነው። ለምን እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። ታጥቧል፣ እማ ትናንት ነው ያጠበችው፣ ግን ሳሸተው አሁንም...

ቆዩ። ሰማችሁ?

አይ፣ ዝናቡ ነው። ዝናቡ ይመስለኛል።