በጠፈር ላይ የረጋ ደም

[ምስል፦ የጠፈር ጣቢያው ከምድር በላይ ሲያልፍ]

ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ነን። አንድ ጠፈርተኛ የአልትራሳውንድ መሣሪያ አንገታቸው ላይ አድርገው የደም ሥራቸውን እያዩ ነው። አሟቸው አይደለም፤ ለጥናት ነው። ጠፈር ከወጡ ሁለት ወር ገደማ ሆኗቸዋል።

ስክሪኑ ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በግራ በኩል ባለው ትልቁ የአንገት ደም መላሽ ሥር ውስጥ ደም ረግቷል።

ታሪኩ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በሕክምና መጽሔት ታተመ። የታካሚው ማንነት አልተገለጸም።

ለምን ረጋ? እዚህ ስንቆም ስበት ደሙን ከጭንቅላታችን ወደ ታች ይስበዋል። እዚያ ያ እርዳታ የለም። ደም ወደ ላይኛው አካል ስለሚሰበሰብ የጠፈርተኞች ፊት እንኳ አበጥ ይላል። በዚሁ ጥናት ከታዩት 11 ጠፈርተኞች በ6ቱ ላይ የዚያ ሥር ደም ወይ ቆሞ ነበር፣ ወይ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር።

[ምስል፦ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥና መርፌ]

አሁን ሐኪሞቹን አስቡ። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ላይ ቢያርፍ ይገድላል። የደም ማቅጠኛ ቢሰጡ ደግሞ፣ ታካሚው ቢቆስሉ ደም የሚያቆም ማርከሻ ያኔ ጣቢያው ላይ አልነበረም። ደግነቱ ኢኖክሳፓሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ነበር፤ 20 ብልቃጥ ብቻ። መርፌውም ውስን ነበር። ክብደት በሌለበት ከብልቃጥ ፈሳሽ መቅዳት ራሱ ፈተና ነው።

ስለዚህ ቆጠቡ። ከ33 ቀን በኋላ መጠኑን ቀነሱ። በ42ኛው ቀን የጭነት መንኮራኩር አፒክሳባን የተባለውን ክኒን አደረሰ። በየጊዜው ጠፈርተኛው ራሳቸውን በአልትራሳውንድ ሲያዩ የምድር ሐኪሞች እጃቸውን እየመሩ ነበር። ምድር ከተመለሱ ከ10 ቀን በኋላ የረጋው ደም ጠፍቶ ተገኘ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ሁሉ የሆነው ምድር ቅርብ ስለሆነች መሆኑ ነው። መድኃኒት ሲያልቅ ተላከ፤ ሐኪም ሲፈለግ ወዲያው ተገኘ። የማርስ ጉዞ ግን ለአንድ መንገድ ብቻ ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል። በ42ኛው ቀን የሚደርስ ጭነት የለም።

[ምስል፦ የሮቦት ክንዶች የላስቲክ ማሰሪያ ሲቆርጡ]

ታዲያ ከምድር የሚመራ ሮቦት ያክም ይሆን? በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት የተቀመጡ ቀዶ ሐኪሞች ጣቢያው ላይ ያለች ትንሽ ሮቦት አንቀሳቅሰው ለሙከራ የላስቲክ ማሰሪያ ቆረጡ። ድንቅ ሥራ ነው። ያኔ እንኳ ከአንድ ሰከንድ ያነሰችው መዘግየት አስቸግራቸዋለች።

ማርስ ርቃ በምትገኝበት ጊዜ መልእክት አንድ መንገድ ለመሄድ ከ20 ደቂቃ በላይ ይወስድበታል። ምድር ያለው ሐኪም ደም ሲፈስ የሚያየው ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። «ያዘው!» ያለው ትእዛዝ እስኪደርስ ሌላ 20 ደቂቃ። ስለዚህ ከሮቦቱ በፊት አብሮ የሚጓዝ ሐኪም ይቅደም ባይ ነኝ፤ እሱ ራሱ ቢታመም የሚያክመው ሁለተኛ የሠለጠነ እጅም አብሮ ይሂድ።