አሥር ፀንሳ ሰባት የወለደች አይጥ

ጤና ይስጥልኝ! ከደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱ ዛሬም አልማረንም፤ ጋቢዬን እንደደረብሁ ነው የምቀርጸው።

አንዲት አይጥ አሥር ፀንሳ ሰባት ብትወልድ፣ ሦስቱ የት ገቡ? «በላቻቸዋ!» የምትሉ አላችሁ። የወለደችውን ልትበላ ትችላለች፤ እኔ የማወራው ግን ሳይወለዱ ስለቀሩት ነው።

እስቲ መንዝ እንውጣ። ሁለት ገበሬዎች አሉ እንበል። የአንዱ ገብስ ተንዠርግጓል፣ የሌላው ቀጭጯል። ዘሩ ነው መሬቱ? ጠላ ቤት ገብታችሁ እስኪመሽ ብትከራከሩም አታውቁትም፤ እያንዳንዱ የዘራው የራሱን ዘር በራሱ ማሳ ነውና። ዘር ይለዋወጡ! የደካማው ዘር በጥሩው ማሳ ካማረበት፣ ችግሩ መሬቱ ነበር። እዚያም ከቀጨጨ፣ ዘሩ ነው። በመጠኑ ከተሻሻለ ደግሞ ሁለቱም እጃቸው አለበት። ይህን ገበሬ ከሳይንቲስት በፊት ያውቀዋል፤ በዚህ አልደራደርም።

ወደ አይጧ ስንመለስ፣ ሽሉ (ገና በማደግ ላይ ያለው ጽንስ) ዘር፣ ማህፀኑ ማሳ። ጥፋቱ የሽሉ ነው የማህፀኑ? ለማወቅ የአንዷን ዝርያ ሽል ለሌላዋ፣ የሌላዋን ለዚህችኛዋ መስጠት ነው። እንግሊዛዊው ዋልተር ሂፕ በ1890 እ.ኤ.አ. የጥንቸል ሽል በሌላ ዝርያ ጥንቸል ሆድ አስገብቶ አስወልዷል፤ አይጥ በኋላ መጣች። የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ የአይጥ እርግዝና 20 ቀን ገደማ ነው፤ ሽሉ በአራት ቀን ተኩል አካባቢ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ የሞተው እዚያው ሟሙቶ ይመጠጣል፣ ምልክቱ ግን ይታያል። ስንት እንቁላል እንደወጣ ደግሞ እያንዳንዱ እንቁላል ሲወጣ በእንቁላል እጢው ላይ የሚቀሩት ቢጫ አካላት ይቆጠራሉ። ከወጡት እንቁላሎች የተወለዱትን መቀነስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አስተያየቶቻችሁ። «ሽል ከሞተ ጥፋቱ የእናት ነው» ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ያውም ብዙዎቻችሁ! ቆዩ እንጂ። የሽሉ ዘረመል ግማሹ የአባት ነው። የአይጥ ሽል ገና ሁለት ሕዋስ ሳለ በራሱ ዘረመል መሥራት ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ጉድለት ካለ ማህፀን ምን ያድርግ? እንግዴ ልጁ እንኳ በአብዛኛው የሚሠራው ከሽሉ ሕዋሳት ነው፤ ስለዚህ አባትየው እዚያም አለ። አማቶች፣ ይህን ክፍል መልሳችሁ እዩት!

ማህፀንም ግን ወሰን አለው። የአይጥ ማህፀን ቀንድ የሚመስሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንዱ የእንቁላል እጢ በቀዶ ሕክምና ሲወገድ የቀረው የሁለቱን ያህል እንቁላል ያወጣል፤ ሁሉም ሽል በዚያው በኩል ባለው አንድ ቀንድ ይታጨቃል። ተመራማሪዎች የማህፀንን አቅም የሚለኩት በዚህ መጨናነቅ ነው።

የመንዝ በግ ለምን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ትወልዳለች? እሱ የሚቀጥለው ቪዲዮ ነው፤ ደወሏን ተጫኑ።