የልጆቻችን ዶላር ሁሉ ለቦታ ይዋል?

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ ስለ ውጭ አገር አክሲዮን ፈንድ ነው የምናወራው። ከዚህ ከሐዋሳ ሆነን ብራችንን በዶላር መንዝረን እንግዛ ብንል የውጭ ምንዛሪ ሕጉ እንደ ልብ አያስኬድም። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ውጭ አገር ልጅ ወይም እህት ወንድም የሌለው ስንቱ ነው? ልጅ ሲደውል ደግሞ የእኛ ወሬ ያው ነው። «ታቦር ተራራ ሥር ቦታ ተገኝቷል፣ ቶሎ ላክ።» ስለዚህ ነገሩ የእናንተም ነው።

ይህ ፈንድ፣ በእንግሊዝኛው ሚውቹዋል ፈንድ፣ ማለት ብዙ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የሚገዛበት ነው። እቁብ ይመስላል፤ ዳኛ አለው፣ ዕጣ ግን የለውም። ትርፉም ኪሳራውም ለሁሉም ባዋጣው ልክ ይደርሰዋል። አንዳንዱን ፈንድ ባለሙያ እየመረጠ ይገዛለታል። ሌላው ሳይመርጥ፣ ለምሳሌ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ውስጥ ያሉትን ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች እንዳሉ ይገዛል። ይሄን በፈረንጆቹ 1976 ለተራው ቆጣቢ ያቀረበው ጆን ቦግል ነው። ያኔ ተሳልቀውበታል። እኔ የምመርጠው ግን የእሱን መንገድ ነው፤ ክፍያው ትንሽ ስለሆነ።

ክፍያው ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጅዎ 10,000 ዶላር አስቀመጠ እንበል። በዓመት 8 በመቶ ቢያድግ በ30 ዓመት 100,000 ዶላር ያልፋል። ፈንዱ በየዓመቱ 2 በመቶ እየቆረጠ ዕድገቱ 6 በመቶ ቢሆንስ? 57,000 ገደማ። «ሁለት በመቶ» ሲሏት ምንም አትመስልም፤ ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረውን በላችው። (8 በመቶው ለስሌት ነው፤ ማንም ዋስትና አይሰጥም።)

አባቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ገንዘቡ የት አለ?» ነው። አጥር የለው፣ ካርታ የለው። እውነት ነው፣ ደግሞም ይወርዳል። በፈረንጆቹ 2008 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከሦስት እጁ ከአንዱ በላይ አጥቷል። የጃፓኑ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ኒኬይ በፈረንጆቹ 1989 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ መልሶ ያየው በ2024 ነው፤ 34 ዓመት! ለዚህ ነው የብዙ አገር ኩባንያ የያዘ ፈንድ የሚሻለው። የሠርግ፣ የትምህርት ቤት ወይም የቤት ማስጨረሻ ገንዘብ እዚያ አይገባም። ቢያንስ 10 ዓመት የማይነካ ይሁን።

ልጁ አሜሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ስለ «ፎር ኦ ዋን ኬ» ይጠይቅ። የመሥሪያ ቤት የጡረታ ቁጠባ ነው። ብዙ ቀጣሪዎች ሠራተኛው ሲያስቀምጥ እነሱም ይጨምሩለታል። ለቦታ ልላክ ብሎ ይሄን ከተወ፣ የሚሰጡትን ገንዘብ አልፈልግም እንዳለ ቁጠሩት።

ቦታ አትግዙ አላልኩም። ቦታ አይጥልም፣ አውቃለሁ። ሁሉም እዚያ አይለቅ ነው የምለው።

በቴሌግራም «የውጭ ፈንድ ነው፣ በወር 10 በመቶ ትርፍ» የሚላችሁን ግን አትስሙት። በየወሩ ቁርጥ ያለ ትርፍ ቃል የሚገባ የአክሲዮን ፈንድ የለም። አክሲዮን ያማራችሁ በጥር 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የራሳችን የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አለ፤ በሕጋዊ አገናኝ በኩል ጠይቁ።

ልጆቻችሁ የላኩላችሁ የፈንድ ሰነድ ካለ ከሻይ በኋላ ይዛችሁ ኑ፤ ዓመታዊ ክፍያው የተጻፈበትን መስመር አብረን እንፈልጋለን። አመሰግናለሁ።