ጥያቄው የልጆቹ፣ ዕቅዱ የእኛ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ርእሳነ መምህራንና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፤

ለመጀመሪያዎቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ጥያቄ መር ትምህርት፣ ማለትም ልጆች ጠይቀውና ራሳቸው ሞክረው የሚማሩበትን ትምህርት፣ እናቅድ ብለን ተሰብስበናል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋና የትምህርት ሊቅ ጆን ዱዊ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ እዚያ ልጆች ምግብ እያበሰሉ፣ እየሸመኑ፣ እንጨት እየሠሩ ሒሳብና ሳይንስ ይማሩ ነበር። ስለዚህ ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ ጊዜ አላጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ይመራመሩ እያልን ዕቅድ የሌለው ክፍል እንዳንፈጥር እሰጋለሁ።

ስጋቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የትምህርት ተመራማሪዎቹ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ገና ብዙ የማያውቅ ተማሪ ያለ በቂ መሪ ሲተው አእምሮው ይጨናነቃል፣ ትምህርቱም ሳይጨበጥ ይቀራል ሲሉ ተከራከሩ። በዓመቱ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በሚገባ የተደገፈ ምርምርና ልጅን ብቻውን መተው አንድ አይደሉም ብለው መለሱላቸው። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው እላለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ለሁሉም ነገር ጀማሪ ነው፤ የታቀደ ድጋፍም ከማንም በላይ ይገባዋል።

ዕቅዱ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። ሁሉም ጥያቄ ግን ለልጅ አይሆንም። «ተክል ለምን ያድጋል?» ብንለው መልሱን ከመምህሩ አፍ ከመጠበቅ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። «የባቄላ ዘር ብርሃን ሳያገኝ ይበቅላል?» ብንለው ግን ራሱ አድርጎ ያየዋል።

እዚህ ምሳሌ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁለት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ እኩል ውሃ። አንዱ መስኮት አጠገብ፣ ሌላው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ልጆቹ አስቀድመው የሚገምቱትን ይሥላሉ፤ ብዙዎቹ የጨለማው አይበቅልም ማለታቸው አይቀርም። ከቀናት በኋላ ሁለቱም ይበቅላሉ። ይባስ ብሎ የጨለማው በቁመት ይበልጣል! ክፍሉ የሚናወጠው ያኔ ነው። ዘሩ ለመነሻ የሚሆነው ምግብ በውስጡ እንዳለ፣ ቡቃያውም ብርሃን ፍለጋ እንደሚመዘዝ አስቀድሞ ያላወቀ መምህር ሙከራው ተበላሸ ብሎ ሊጥለው ይችላል። የተዘጋጀው ግን «ቅጠሎቹን እስቲ እዩአቸው፤ የትኛው ጤነኛ ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ የጨለማው ቢጫና ቀጭን መሆኑን ያያሉ። ሣጥኑ ተዘግቶ ከቆየ የዘሩ ስንቅ ሲያልቅ ይጠወልጋል፤ የብርሃን ጥቅም ያን ጊዜ ግልጽ ይሆናል።

ስለዚህ መምህሩ ሙከራውን ቀድሞ ብቻውን ይሞክረው። የማይበቅል ዘር ስለማይጠፋ በየዕቃው ከአንድ በላይ ይዝራ። ቡቃያው እስኪወጣ የሚያልፉትን ቀናትም በመርሐ ግብሩ ላይ ያስፍር።

ልጆች በምርምር የማይደርሱባቸው ነገሮችም አሉ። ፊደልን ማንም ልጅ ተመራምሮ አያገኘውም። ንባብ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የሒሳብ ምልክት በቀጥታ፣ በቅደም ተከተልና በልምምድ ይሰጡ። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል የሚሉትን ቃላትም መምህሩ አስቀድሞ ያስተምር፤ ቃሉ የሌለው ልጅ ያየውን መናገር ይቸግረዋል። ጥያቄ መር ምዕራፍ እነዚህን አይተካም፤ የሚሠሩበትን ቦታ ይሰጣቸዋል። ቡቃያውን በክር ለክቶ ቁመቱን መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ልጅ ሒሳብም ጽሕፈትም እየሠራ ነው።

ስለ ጊዜ ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ክፍሎችን ስታጠና፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ። ዓመታዊ ዕቅዳችን በምዕራፍ ከታጨቀ ግን ማንም መምህር ሦስት ሰከንድ አይታገሥም። ምዕራፍ እንቀንስ። ልጆቹ ላመጡት ጥያቄ የሚሆን ባዶ ክፍለ ጊዜ በየምዕራፉ እንተው።

በምዘና ላይ የምለው አጭር ነው። ለግምት ነጥብ አይሰጥ። ነጥብ ከሰጠንበት ልጆቹ ውጤቱን አይተው ግምታቸውን ይሰርዛሉ። ይልቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ ልጁ በአፉ ያስረዳን።

ከሰዓት በኋላ በየክፍል ደረጃው ስንቀመጥ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ምዕራፍ ብቻ ይያዝ። ልጅ በእጁ ሊፈትነው የሚችል አንድ ጥያቄ፣ ልጆቹ ሊያመጡ የሚችሉትን የተሳሳተ ግምት፣ በቀጥታ የሚሰጡትን ቃላትና ክሂሎች፣ ሙከራው ያልተጠበቀ ውጤት ሲያመጣ መምህሩ የሚጠይቀውን ቀጣይ ጥያቄ ጻፉ። ረቂቁን ዛሬውኑ ተለዋውጠን እናነባለን።

አመሰግናለሁ።