ኤሌክትሪክ የማያውቀው ምስጢር ጠባቂ፦ ኤም-209

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። መልእክትን ወደማይነበቡ ፊደሎች የሚለውጥ የጦርነት ዘመን የምስጢር ማሽን ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠራው የጀርመኖቹን ኢኒግማ ነው። ለእኔ ግን የበለጠ የሚደንቀኝ የአሜሪካ ጦር ኤም-209 ነው፤ ባትሪ የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ 3 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው። የነደፈው ስዊድናዊው ቦሪስ ሃገሊን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ንድፉን ይዞ በጣሊያን በኩል ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የጽሕፈት መኪና አምራቹ ስሚዝ ኮሮና ወደ 140,000 የሚጠጋ አመረተ።

ክዳኑን ስትከፍቱት ስድስት መዘውሮች ተደርድረው ታያላችሁ። የፊደሎቻቸው ብዛት 26፣ 25፣ 23፣ 21፣ 19 እና 17 ነው። የተዘበራረቀ ይመስላል፤ ግን ቁጥሮቹ እርስ በርስ የጋራ አካፋይ የላቸውም። አንድ ፊደል በተመሰጠረ ቁጥር ስድስቱም አንድ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ሁሉም አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ግን ከ101,405,850 እርምጃ በኋላ ነው።

በመዘውሮቹ ላይ በእያንዳንዱ ፊደል አጠገብ አንዲት ፒን፣ ማለትም ትንሽ ተንሸራታች እሾህ አለች፤ በድምሩ 131። ወደ ቀኝ ከተገፋች ትሠራለች፣ ወደ ግራ ከሆነች ዝም ነው። ከመዘውሮቹ ኋላ 27 ዘንጎች ያሉት ሲሊንደር አለ። በየዘንጉ ሁለት ተንሸራታች ጉብታዎች አሉ፤ ከአንዱ መዘውር ትይዩ ይደረጋሉ፣ ካልተፈለጉም ዜሮ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ።

እጀታውን ስታዞሩ ሲሊንደሩ አንድ ዙር ይዞራል። ፒኑ የሠራለት መዘውር ክንዱን ያቀርባል፣ ክንዱ የደረሰበትን ጉብታ ይገፋል፣ ዘንጉም ወደ ጎን ይወጣል። የወጣው ዘንግ ሁሉ የማርሽ ጥርስ ይሆንና የማተሚያውን ቀለበት አንድ ፊደል ያንቀሳቅሳል።

እስቲ በቁጥር እንየው። 1ኛውና 3ኛው መዘውር ብቻ ሠሩ እንበል። የመጀመሪያው 4 ዘንግ፣ ሌላው 5 ዘንግ ይነካል፤ ሁለቱ ዘንጎች ግን የጋራ ናቸው። አንድ ዘንግ ሁለቴ አይወጣምና ድምሩ 9 ሳይሆን 7 ነው። «ኤ» 0፣ «ዜድ» 25 ብለን ከቆጠርን፣ 25 እና 7 ደምረን የፊደሉን ቁጥር እንቀንሳለን፤ ውጤቱ ከ25 ከበለጠ 26 እንቀንስለታለን። «ቲ» 19 ነው፤ 32 ሲቀነስ 19፣ 13 ይሆናል፤ «ኤን» ማለት ነው። ተቀባዩ «ኤን»ን ሲያስገባ በዚያው ስሌት «ቲ» ይመለስለታል። ስለዚህ ለመመስጠርም ለመፍታትም አሠራሩ አንድ ነው፤ የጎን መቀየሪያው የሚለውጠው የኅትመቱን አቀማመጥ ብቻ ነው። ሲመሰጥር አምስት አምስት ፊደል እየለየ ያትማል፣ ሲፈታ «ዜድ»ን ክፍት ቦታ ያደርገዋል፤ ላኪው በቃላት መካከል «ዜድ» ስለሚያስገባ።

በነገራችን ላይ ኢኒግማ አንድን ፊደል በራሱ አይተካም ነበር፤ የጀርመን ጠላቶች በዚህ ተጠቅመዋል። ኤም-209 ግን ይተካል። በዚሁ 7 ላይ «ዲ» «ዲ» ሆና፣ «ኪው»ም «ኪው» ሆና ትወጣለች።

ፒኖቹና ጉብታዎቹ አቀማመጣቸው በተጻፈበት የቁልፍ ወረቀት መሠረት ከተስተካከሉ በኋላ መፈተሽ ግድ ነው። መዘውሮቹን ሁሉ «ኤ» ላይ አድርጎ «ኤ»ን 26 ጊዜ መመስጠርና ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ነው። ካልገጠመ ሁሉንም ማፍረስ አያስፈልግም። 3ኛውና 20ኛው ፊደል ብቻ ከተሳሳቱ ልዩነቱ 17 ነውና፣ ጥፋተኛው የመጨረሻው መዘውር ላይ ያለች አንዲት ፒን ናት። ስህተቱ እዚህም እዚያም ከተበተነ ጉብታ ተጠርጣሪ ነው። አሳሳቹ ነገር በመስኮቱ የሚታየው ፊደልና የምትሠራው ፒን አለመገጣጠማቸው ነው፤ 1ኛው መዘውር «ኤ» ሲያሳይ የምትሠራው የ«ፒ» ፒን ናት፣ በ6ኛው ደግሞ የ«ኬ»።

በሬዲዮ አንድ ፊደል ከጠፋ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቅጥ ያጣል። ያኔ አራት ፊደል ብቻ ያለውን ምድብ ፈልጎ መዘውሮቹን አንድ እርምጃ ማሳለፍ ነው።

ዋናው ጠንቅ ግን ሁለት መልእክት በአንድ ዓይነት የመዘውሮች መነሻ አቀማመጥ መስጥሮ መላክ ነው። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ማሽኑ የጨመረው ቁጥር ተጣፍቶ የሁለቱ ጽሑፎች ልዩነት ብቻ ይቀራል። እዚህ ላይ «ዜድ» ጉድ ትሠራለች፤ በየጥቂት ፊደሉ ስለምትመጣ ለገማች የመጀመሪያ መያዣ ናት። ለንባብ ምቾት ተብሎ የተከፈለ ውድ ዋጋ ነው፣ በእኔ ግምት። ጽሑፎቹ ከተገኙ የፒኖቹና የጉብታዎቹ አቀማመጥ ተሰልቶ ይወጣል፣ በዚያው ቁልፍ የተላከው የቀሩት መልእክቶችም ይነበባሉ። ጀርመኖች ይህን ሠርተውታል። የአሜሪካ ጦርም ድክመቱን ያውቅ ስለነበር ኤም-209ን ከክፍለ ጦር በታች ላለው፣ ቶሎ ለሚያረጅ ወሬ አዋለው፤ ለከፍተኛው ምስጢር ሲጋባ የሚባል ሌላ ማሽን ነበረው። ኤም-209 ግን ኮሪያም ዘምቷል።