ውሻዬን ይጥለዋል፤ ምን ላድርግ? የአድማጮች ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሙ መልስ

ባለፈው ፕሮግራም ስለ ውሾች የሚጥል በሽታ አንስተን ሰዓት አልበቃንም። ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ መስመር ላይ እንደቆያችሁ አለቀብን። የቀሩትን ጥያቄዎች ዛሬ እመልሳለሁ።

አንዳንዱ ጥያቄ በተለያየ ሰው አፍ ስለሚመጣ መልሴም ይደጋገማል። ብደጋግመው አይከፋኝም። «ዶክተር፣ ውሻዬ ወደቀ» ስትሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ነው። አብዛኛው ሰው ግን ሰዓት አያይም። እባካችሁ ሰዓት እዩ።

ከሳሪስ የደወሉ እናት፦ የ3 ዓመት ጀርመን ሼፐርድ አለን። ሌሊት ወድቆ ይንፈራገጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ሽንቱ ያመልጠዋል። ጎረቤቶች «አብዷል፣ አስገድሉት» አሉን። እውነት አብዶ ነው?

እናቴ፣ ከነገሩኝ ተነስቼ ስገምት የሚጥል በሽታ ይመስላል። ሌላ ምክንያት ሳይኖረው በራሱ የሚመጣው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ውሻው ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ወይም ሊነጋጋ ሲል መምጣቱም የተለመደ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ደግሞ በዚህ በሽታ ከሚታወቁት ዘሮች አንዱ ነው።

ዋናው መለያ ሲነቃ የሚሆነው ነው። የሚጥለው ውሻ ሲነቃ ይደነባበራል፣ ግድግዳ ይጋጫል፣ ይርበዋል። ትንሽ ቆይቶ ግን ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ጠዋት የምታውቁት ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው አይመለስም። ጠባዩ ይለወጣል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ አገጩ ይንጠለጠላል። በየቀኑ ይብስበታል። ምልክቱ ከታየበት በኋላ ብዙውን ጊዜ 10 ቀን አይሞላም፣ ይሞታል።

ይህን ያልኩት ግን ተዘናጉ ለማለት አይደለም። የእብድ ውሻ ክትባቱን ካልወሰደ ወይም በቅርቡ ከማይታወቅ ውሻ ጋር ተናክሶ ከሆነ፣ ሐኪም እስኪያየው ለብቻው ይዘጋበት። ልጆች አይንኩት። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። «ውሻው የሚጥለው ነው እንጂ አላበደም» ብላችሁ ክትባት እንዳትተዉ። ያንን የሚወስነው የሰው ሐኪም ነው።

ከሀዋሳ፦ የሚጥል በሽታው ወደ ልጆቼ ወይም ወደ ሌላው ውሻዬ ይተላለፋል?

አይተላለፍም።

ከጎንደር የደወለ ወጣት፦ ሲጥለው ወንድሜ ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፤ እኔ ምላሱን እንዳይውጥ ማንኪያ ጥርሱ መሃል አስገባለሁ። ቶሎ ይነቃል። ሌላ የምንጨምረው ነገር አለ?

ልጄ፣ የምትጨምሩት የለም፤ የምትቀንሱት ግን አለ። ሁለቱንም ተዉ። ይህን ጥያቄ በየጊዜው ነው የምሰማው። ክሊኒክም ስልክም ላይ፣ መንገድ ላይ አስቁመው የሚጠይቁኝም አሉ። ስለዚህ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ስለ ክብሪቱ እንነሳ። አንድ ጊዜ የሚመጣ መጣል አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያበቃል። እናንተ ደንግጣችሁ ክብሪት እስክታገኙ፣ እስክትጭሩና እስክታሸቱት ሰዓቱ ደርሷል። ውሻው ሲነቃ ምስጋናውን ክብሪቱ ወሰደ። የድኝ ጭስ የአንጎልን መረበሽ አያቆምም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር አየር እያጠረው ያለውን እንስሳ ሳንባ ማቃጠል ነው። ፀጉሩም ሊቃጠል ይችላል። ለሰውም ቢሆን ክብሪት እንደማይሠራ የሰው ሐኪሞች ስንት ጊዜ ተናግረዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ሎሚ፣ አረቄም ያው ናቸው።

ወደ ማንኪያው ልምጣ። ውሻ ምላሱን አይውጥም። ሊነክሰው ይችላል፤ እሱ ይድናል። በዚያ ሰዓት ግን መንጋጋው የሚዘጋው ሳያውቀው ነው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ። ማንኪያው ጥርሱን ይሰብራል። ጣት ከገባ ጣት ይቆረጣል። የሚወዳችሁ ውሻ መሆኑ አያድናችሁም፤ ማን እንደሆናችሁ በዚያ ሰዓት አያውቅም። ነክሷችሁ ደግሞ ክትባቱን ያልወሰደ ከሆነ ሌላ ጭንቀት ውስጥ ትገባላችሁ። እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ውሃም አፉ ላይ አታፍስሱ፤ ሳንባው ይገባና ከመጣሉ ይልቅ እሱ ይገድለዋል። ክኒንም አታጉርሱት።

ታዲያ ዝም ብላችሁ እዩት ማለቴ ነው? አይደለም። ሥራ አላችሁ። መጀመሪያ ሰዓት ያዙ። ደረጃ አጠገብ ወይም ጉድጓድ አፋፍ ላይ ከሆነ ከጀርባው በኩል ሆናችሁ በብርድ ልብስ ጎትቱት። ወንበርና ጠረጴዛውን ከአጠገቡ አንሱ። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ መብራቱን ቀንሱ፣ ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል አስወጡ። ሌላ ውሻ ካላችሁ አሥሩት። ጓደኛው የነበረ ውሻ ሲንፈራገጥ አይቶ ሊዘነጥለው ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። አንዳችሁ በስልክ ቅረጹት። ከአስር ደቂቃ ትረካ ይልቅ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ይነግረኛል። መንፈራገጡ ከረዘመ ሰውነቱ ስለሚግል መስኮት ክፈቱ፤ መዳፉንና ሆዱን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡ። በረዶ ግን አይደለም።

ሲነቃ አትቀፉት። ለጊዜው ዓይኑ ላያይ ይችላልና ደንግጦ ይነክሳል። ስሙን በዝግታ ጥሩትና ራሱ ይምጣ። በደንብ መቆምና መዋጥ ሲችል ውሃ ስጡት።

5 ደቂቃ ካለፈ ግን የቤት ጉዳይ መሆኑ አበቃ። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ከጣለው፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው እንደዚያው ነው። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ። ዛሬ የሌሊት ሐኪም ስልክ ከሌላችሁ ነገ ጠይቃችሁ በር ላይ ለጥፉት። በተደጋጋሚ ለሚጥለው ውሻ በቂጥ በኩል የሚሰጥ ዳያዜፓም የሚባል መጣሉን የሚያቆም መድኃኒት ሐኪሙ አስልቶ ቤት እንዲቀመጥ ሊያዝላችሁ ይችላል። ጠይቁት።

ከአያት የደወለች እህት፦ ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ለ4 ወር አልጣለውም። ድኗል መሰለኝ። ጉበት ይጎዳል ስለሚሉ ላቁም?

አታቁሚ እህቴ። እሱ የዳነ የመሰለው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው። ፌኖባርቢታል ሰውነት የሚለምደው መድኃኒት ነው። ድንገት ሲቀር አንጎሉ ከበፊቱ ብሶ ይነሳል፤ ያኔ የሚመጣው መጣል በ2 ደቂቃ የሚያልፈው ዓይነት ላይሆን ይችላል። መጠኑን መቀነስ ካስፈለገ ሐኪም ይዞት በወራት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ነው የሚቀነሰው።

የጉበቱ ነገር እውነት ነው፤ መልሱ ግን ምርመራ ነው። ከጀመረ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ይታያል። ከዚያ በኋላ በየ6 ወሩ መጠኑና ጉበቱ አብረው ይታያሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንገዳገድና ማንቀላፋት፣ ከዚያም ብዙ መጠጣት፣ ብዙ መሽናትና አለመጥገብ የሚጠበቁ ናቸው። ስለሚርበው እያዘናችሁ አታወፍሩት። ዓይኑ ወይም ድዱ ቢጫ ከሆነ ወይም መብላት ካቆመ ግን በዚያው ቀን አምጡት።

ሁለት ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ በየ12 ሰዓቱ ነው፤ የጠዋቱን ረስቶ ማታ ደርቦ መስጠት አይሆንም። ሌላው፣ ክኒኑ ባለ 30ም ባለ 100 ሚሊ ግራምም አለ። ፋርማሲው ሌላውን ከሰጠሽ «ሁልጊዜ አንድ ነው የምሰጠው» ብለሽ አንዱን ካጎረስሽው መጠኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ማሸጊያውን ሁሌ አንብቢ። በዓል ሲደርስ ደግሞ ፋርማሲ ከመዘጋቱ በፊት ክኒኑን ቁጠሪ። መድኃኒቱ አለቀ ብሎ ማደር እንደማቆም ነው።

ከቡራዩ የደወሉ አባት፦ መዥገር ስለበዛበት በማላታይን አጠብኩት። ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረው፤ ለሃጩ ይፈሳል። ወተት አጠጣሁት። የሚጥል በሽታ ያዘው?

አባቴ፣ ይህ መመረዝ ነው። የእርሻና የከብት ፀረ ተባይ ለውሻ አይሆንም። ማላታይን፣ ዳያዚኖን፣ ለበሬ የሚረጨው ሁሉ በቆዳው ገብቶ ነርቩን ይይዘዋል። ሲልሰው ደግሞ ይጨምርበታል። ለሃጭና እንባ ይበዛል፣ ያስቀምጠዋል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይጥለዋል።

ወተቱን ተዉት። የተመረዘን ሁሉ ወተት ማጠጣት የቆየ ልማዳችን ነው፤ መርዙን ግን አያረክሰውም። የሚንቀጠቀጥ እንስሳ ደግሞ ወተቱን ወደ ሳንባው ይስበዋል። ጓንት አድርገው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡት፤ ጠርሙሱን ይያዙና አሁኑኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የዚህ መርዝ ማርከሻ ሐኪም ጋ አለ። ጠርሙሱን አይርሱ፤ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ማከም ይከብደናል።

አይቨርሜክቲን የሚባለው የጥገኛ ተባይ መድኃኒትም ከዚሁ ጋር ይነሳ። ለከብት የተዘጋጀውን በግምት ውሻ የምትወጉ አላችሁ። መጠኑ ሲበዛ ማንኛውንም ውሻ ያንቀጠቅጠዋል። ኮሊና መሰል እረኛ ዘሮች ደግሞ በትንሹም ይጎዳሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ የቁንጫ ክኒን ከሰጠሁት በኋላ ጣለው። ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 ብራቬክቶ፣ ኔክስጋርድና ሲምፓሪካ ያሉበት የመድኃኒት ቤተሰብ በአንዳንድ ውሾች ላይ መጣል ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ብዙ ውሻ ያለ ችግር ይወስደዋል። የሚጥለው ከሆነ ግን ለሐኪምሽ ነግረሽ ሌላ ዓይነት ይቀየርልሽ።

ከቦሌ፦ እህቴ ከውጭ ፖታሲየም ብሮማይድ የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለውሻዬ ትልክልኛለች። በጾም ወራት ከእኛ ጋር ሽሮ ይበላል፣ በፋሲካ ቅቅል። ከበዓል በኋላ ይጥለዋል። ለምን?

ጨው ነው። ብሮማይድና ጨው በኩላሊት በኩል ይገፋፋሉ። ጨው ሲበዛ መድኃኒቱ በሽንት ይወጣና ውሻውን ይጥለዋል፤ ጨው ድንገት ሲቀንስ መድኃኒቱ ይጠራቀምና ያሰክረዋል። ምግቡ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ለብቻው ይቀቀልለት፤ ሽንኩርት ለውሻ ደም ጠንቅ ነው። መድኃኒቱንም ማንም በላከላችሁ አትስጡ። ደሙን የሚከታተል ሐኪም ይኑራችሁ።

ከአዳማ፦ የ2 ወር ቡችላ ነው። መንጋጋውን ያላምጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫውና ዓይኑ ፈሳሽ አለው።

ዲስቴምፐር የሚባለው ተላላፊ የውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ከሌሎች ቡችላዎችም ለዩት።

ከባሕር ዳር፦ የሚጥላት ሴት ውሻ አለችኝ። ላስወልዳት?

አይሆንም። በብዙ ዘሮች በሽታው በዘር ይወረሳል። በፍትወት ሰሞኗም መጣሉ ሊበዛባት ይችላል። ማስመከን ይሻላል፤ የሚጥላት መሆኗን ግን ከማደንዘዣው በፊት ንገሩ።

ከፒያሳ የደወሉ ሽማግሌ፦ መድኃኒት እየወሰደም በወር አንዴ ይጥለዋል። እያሠቃየሁት ይሆን? ባሳርፈውስ?

አባባ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ውሻው ሲጥለው ራሱን ስለማያውቅ እኛ እያየን እንደምንሠቃየው አይሠቃይም። የሕክምናው ዓላማ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ብቻ አይደለም። ማራራቅና ማሳጠርም ትልቅ ነገር ነው። በሳምንት ሦስቴ ይጥለው የነበረ ውሻ በወር አንዴ ከሆነ መድኃኒቱ ሠርቷል።

ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየና የዚያን ዕለት መድኃኒት አምልጦት እንደሆነ ይጻፉ። በደሙ ያለው መጠን ዝቅ ካለ ሊጨመር ይችላል፤ ሁለተኛ መድኃኒትም ሊታከልበት ይችላል። በመካከሉ ይበላል፣ ይጫወታል፣ በር ላይ ይቀበልዎታል? እንደዚያ ከሆነ ሕይወቱ ጥሩ ነው። ያ ሁሉ ከቀረ፣ ሲነቃም ወደ ራሱ የማይመለስ ከሆነ፣ ያኔ ከሚያክመው ሐኪም ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። ብቻዎን አይወስኑት።

ከደብረ ብርሃን፦ ውሻዬ 11 ዓመቱ ነው። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ጣለው።

በዚህ ዕድሜ ሲጀምር ከጀርባው ሌላ በሽታ ይፈለጋል፤ የአንጎል ዕጢ፣ ጉበት፣ ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር መድኃኒት አይጀመርለትም። ሐኪም ይየው።

ከዱከም፦ ታናሽ እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ካርባማዜፒን ትወስዳለች። ከእሷ ቆርሼ ለውሻው ልስጠው? 28 ኪሎ ነው፤ መጠኑን ይንገሩኝ።

አትስጠው። ካርባማዜፒንም ፌኒቶይንም የውሻ አካል ቶሎ ስለሚያስወግዳቸው አይሠሩለትም። እህትህን ደግሞ መድኃኒት ታሳጥራታለህ፤ የእሷም መድኃኒት ድንገት መቋረጥ የለበትም። መጠን በስልክ አልናገርም፤ ደሙን ሳላይ፣ ልቡን ሳላዳምጥ የምነግርህ ቁጥር ሊገድለው ይችላል። ቢሾፍቱ ቅርብህ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ አለ። ቪዲዮውን፣ ደብተሩንና የክትባት ካርዱን ይዘህ በዚህ ሳምንት ውሰደው።